የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ትምህርት በጉቴና በነቀምቴ

በምሥራቅ ወለጋ፣ ከነቀምቴ ብዙ በማትርቀው ጉቴም ሆነ በዙሪያዋ ከተሞች በሁለተኛ ደረጃ የሚሰጥ፣ ኮምፒውተርንና አጠቃቀሙን የሚያስተምር የትምህርት ዓይነት። በአገሪቱ የተስፋፋው ከ1990ዎቹ አጋማሽ በኋላ፣ የፕላዝማ ቴሌቪዥን ወደ መማሪያ ክፍሎች በገባበት ዘመን ነው። በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት የ11ኛ ክፍል ተማሪ ዳታቤዝ፣ የድረ ገጽ አሠራር፣ የኮምፒውተር ጥገናና የፕሮግራሚንግ መነሻ ይማራል።

ተማሪው እስከ 8ኛ ክፍል በአፋን ኦሮሞ ተምሮ 9ኛ ሲገባ መማሪያው እንግሊዝኛ ይሆናል። አንድ ነገር ግን ያግዘዋል፦ ከ1984 ዓ.ም. ጀምሮ የአፋን ኦሮሞ መጻፊያ የሆነው ቁቤ በላቲን ፊደል ስለሚጻፍ፣ ለአማርኛ የሚያስፈልገው ዓይነት ተጨማሪ ፕሮግራም ሳያሻው በማንኛውም ኪቦርድ ይተየባል። የመጀመሪያውን የትየባ ልምምድ በቋንቋው ማድረግ ይችላል፤ ይህ ዕድል በሚገባ ሊሠራበት ይገባል።

ትምህርቱ በተግባር ካልታገዘ ሽምደዳ ነው። መብራት ሲጠፋ የተግባሩ ክፍለ ጊዜ ወደ ሰሌዳ ይመለሳል፤ ‹‹ማውስ›› በጠመኔ ይሣላል። በ2012 ዓ.ም. ደግሞ በወለጋ ዞኖች ስልክና ኢንተርኔት ለሦስት ወር ገደማ ተቋርጦ ነበር። አገልግሎቱ የተመለሰው በመጋቢት መጨረሻ፣ ትምህርት ቤቶች በኮሮና ከተዘጉ በኋላ ነው።

የተግባር ትምህርቱን ጉዳይ አሁን ይበልጥ አንገብጋቢ ያደረገው የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ነው። በ2016 ዓ.ም. ከወረቀቱ ጎን ለጎን በኮምፒውተር መሰጠት ጀምሯል፤ ማውስ ሳይለምድ የሚቀመጥ ተፈታኝ የሚያውቀውን ጥያቄ ለመመለስም ጊዜ ያጥረዋል። በ1999 ዓ.ም. በነቀምቴ የተቋቋመው ወለጋ ዩኒቨርሲቲ ፈተናውን ለሚያልፍ የአካባቢው ተማሪ የቅርብ የከፍተኛ ትምህርት በር ነው።