ወንፈልና ደቦ በአሶሳ

በወንፈልና በደቦ መካከል ያለው ልዩነት ትንሽ መስሎ ይታይ ይሆናል፤ ጉልበቱ ለደከመ ሽማግሌ ግን የሕይወት ጉዳይ ነው። ወንፈል የጉልበት ብድር ነው፤ ዛሬ ላረሰልህ ነገ ታርስለታለህ። ደቦ ግን ብድሩ ሳይቈጠር ለተቸገረ ወገን የሚወጡበት፥ ባለ ማሳውም እንደ ዐቅሙ የሚያበላበት ሥራ ነው።

በ1977 ዓ.ም. ረኀብ የተጐዱ ብዙ የወሎ ገበሬዎች፥ በዚያ ዘመን በወለጋ ክፍለ ሀገር ሥር ወደ ነበረችው ወደ አሶሳ ተወስደው ሰፈሩ። በሰፈራው መሬቱ በጋራ ሲታረስ፥ ምርቱ በሥራ ነጥብ ይከፋፈል ነበርና ክንዱ የዛለ ሰው ነጥቡም አነሰ። በ1982 ዓ.ም. መንግሥት የቅይጥ ኤኮኖሚን መርሕ ካወጀ በኋላ የጋራው እርሻ ሲፈርስ፥ ሁሉም ለየራሱ አራሽ ሆነ። ነገር ግን ገንዲ የሚባለው የከብት በሽታ ባለበት ቈላ በሬ ማቆየት ለጐልማሳም ከባድ ነው፤ ልጆቿን ላጣች እናትማ እንዴት ይሆናል?

የልማድ ዋጋ የሚታወቀው በዚህ ጊዜ ነው። ወሎዬው ቅሬውንና ደቦውን ከአገሩ ይዞ ሄዶ ነበር። የአገሩ ነባር ነዋሪ የሆኑት በርታዎችም ጎረቤት ተጠራርቶ የአንዱን ማሳ በኅብረት የሚሠራበት የራሳቸው ልማድ አላቸው።

እንግዲህ ለሽማግሌ ጎረቤት ስንደርስ ምጽዋት እንደ ሰጠን አንቍጠረው። ዛሬ ክንዱ የዛለው ሰው ትናንት ወንፈሉን ሳያጓድል ይወጣ የነበረ ነውና፥ ዕዳው የእኛ ነው።