የዶሮ ቁንጫ
በዶሮ ዐይን ዙሪያ ላባ በሌለው ቆዳ ላይ ተጣብቆ ደም የሚመጥ፣ ከሁለት ሚሊ ሜትር የማይበልጥ ቡናማ ነፍሳት፤ ሳይንሳዊ ስሙ ኤኪድኖፋጋ ጋሊናሲያ። በመካከለኛው ኢትዮጵያ የሀገረሰብ ዶሮዎች ላይ ተመዝግቧል። ሴቷ አፏን ቆዳ ውስጥ ከቀረቀረች በጣት ቢነኳትም አትዘልም። ከሩቅ ሲያዩት የፈንጣጣ ቅርፊት ይመስላል። ጫጩት በደም ማነስ ሊሞት፣ የዐይኑ ቆብ ያበጠ ዶሮም ሊታወር ይችላል።

ጓሮ ውስጥ ሐኪም ሳይጠሩ የሚሠራው ቀላል ነው፤ ዐይን ውስጥ ሳያስገቡ ቫዝሊን በወፍራሙ መቀባት፣ ቁንጫው ታፍኖ ሲላላ በወረንጦ መልቀም። ነጭ ጋዝና የተባይ መርዝ ዐይን አጠገብ አይደርስም። ትልቁ ሥራ ወለሉ ላይ ነው፤ እንቁላሉ አፈር ውስጥ ስለሚፈለፈል ጉዝጓዙን ጠርጎ ማቃጠል ግድ ነው። ውሻና ድመትም ይታዩ፤ እነሱም ይሸከሙታል።