ፍለጋው የሚያንቀሳቅሰውና የማይፈጥረው፦ የክሪስታል ገጽ አወቃቀር በኤሌክትሮን ዲፍራክሽን

እ.ኤ.አ. በ1959 ሽሊየርና ፋርንስወርዝ ንጹሕ የሲሊከን ገጽ ላይ ኤሌክትሮን ሲለቁ ያልተጠበቀ ሥርዓት አዩ። የገጹ አቶሞች አደራደራቸውን የሚደግሙት ከውስጠኛው ክሪስታል በሰባት እጥፍ በሚሰፋ ርቀት ነበር። የተመለሱት ኤሌክትሮኖች የሚሠሩት ነጥቦች ቁልጭ ብለው ይታያሉ፤ እያንዳንዱ አቶም የት እንደተቀመጠ ለማወቅ ግን 26 ዓመት ፈጀ።

ይህ የኤሌክትሮን ዲፍራክሽን ዘዴ ከ20 እስከ 500 ኤሌክትሮን ቮልት ያላቸውን ኤሌክትሮኖች ይጠቀማል። በ150 ኤሌክትሮን ቮልት የሞገዳቸው ርዝመት 0.1 ናኖሜትር ገደማ ስለሆነ ከአቶሞች ርቀት ጋር ይቀራረባል። በስክሪኑ ላይ የነጥቦቹ አቀማመጥ የሚነግረን የድግግሞሹን ስፋትና ቅርጽ ብቻ ነው። የአቶሞቹ ቦታ ያለው የኤሌክትሮኖቹ ኃይል ሲጨምር የየነጥቡ ድምቀት በሚወጣበትና በሚወርድበት መስመር ውስጥ ነው። ኤሌክትሮኑ ከመመለሱ በፊት ከአቶም ወደ አቶም ደጋግሞ ስለሚነጥር ይህን መስመር ወደ ኋላ መፍታት እጅግ ከባድ ነው። ስለዚህ ተመራማሪው ሞዴል ይገምታል፣ መስመሩን ያሰላል፣ ከተለካው ጋር ያስተያያል። ፔንድሪ በ1980 ያቀረበው መለኪያ ልዩነቱን በቁጥር ያስቀምጣል፤ 0 ፍጹም መግጠም፣ 1 ምንም ዝምድና አለመኖር ነው።

ችግሩ ብዛቱ ነው። ዋጋቸው ያልታወቀ 10 መጠኖች ቢኖሩና ለእያንዳንዱ 10 አማራጭ ብንሞክር 10 ቢሊዮን ሞዴል ይሆናል። አንዱ አንድ ሰከንድ ቢወስድ ከ300 ዓመት በላይ ያስቆጥራል። ራውስና ፔንድሪ በ1986 ይህን ሸክም አቀለሉት፦ አንድ መነሻ ሞዴል በሙሉ ይሰላል፤ አቶሞቹ ከዚያ ጥቂት ፈቀቅ ሲሉ የሚመጣው ለውጥ ከመነሻው ስሌት በርካሽ ይገመታል።

ስሌቱ ሲረክስ የፍለጋው ጥበብ ዋና ጉዳይ ሆነ። ልዩነቱን ለመቀነስ ሁልጊዜ ወደ ታች ብቻ የሚሄድ ፕሮግራም ጉም በሸፈነው ተራራ ላይ እንደሚወርድ መንገደኛ ነው፤ መጀመሪያ ያገኘው ጉድጓድ ውስጥ ይቀራል፣ ጥልቁ ሸለቆ ከቀጣዩ ሸንተረር ማዶ ቢሆንም። ጉድጓዶቹም ብዙ ናቸው፤ የአንድ ንብርብር ርቀት በተሳሳተ መጠን ቢለወጥም የመስመሮቹ ጫፎች በከፊል መልሰው ሊገጥሙ ይችላሉ። ራውስ በ1993 የጋለ ብረት ቀስ ብሎ ሲቀዘቅዝ የሚሆነውን የሚመስል ፍለጋ አቀረበ፦ መጀመሪያ ላይ የባሰ እርምጃም አንዳንዴ ይፈቀዳል፣ ፈቃዱ እያደር ይጠባል። ዶልና ቫን ሆቭ በ1996 ሞዴሎችን እንደ ዘር እያዳቀሉ የተሻሉትን የሚያስቀር ስልት ጨመሩ።

እነዚህ ስልቶች ግን የተሰጣቸውን አቶሞች ያንቀሳቅሳሉ እንጂ፣ ካልታዘዙ በቀር ስንት አቶም እንዳለ አይጠይቁም። የሲሊከኑን እንቆቅልሽ የፈታው በ1985 ታካያናጊና ባልደረቦቹ ያቀረቡት ሞዴል በሚደገመው አንድ ክፍል ውስጥ 12 ከላይ የተቀመጡ አቶሞች፣ 9 ጥንዶች፣ በማዕዘን ላይ ባዶ ጉድጓድ እና በግማሹ የተዛባ ድርድር አለው። ከመደበኛው ገጽ ተነስቶ አቶሞችን ፈቀቅ በማድረግ ብቻ እዚያ አይደረስም። ለዚህም ነው አነስተኛ ልዩነት ያስመዘገበ ጽሑፍ ሳነብ ፍለጋው ከስንት የተለያዩ መነሻዎች እንደተጀመረና የትኞቹ ሞዴሎች ተሞክረው እንደተጣሉ የምፈልገው። ይህ ካልተጻፈ ቁጥሩ ብቻውን አያሳምነኝም።