ክሪክ፣ ወናፍ እና ከመሬት ሳይነሱ መብረር

ባሕር ዳር ውስጥ የፈለጋችሁት ጋራዥ ግቡ፣ ክሪክ አታጡም። እጀታው ይዞራል፣ መኪናው ቀስ እያለ ይነሳል። ዙርን ወደ ቀጥታ ግፊት የሚለውጥ መሣሪያ ይኸው ነው፤ «ሊኒየር አክቹዌተር» የሚሉት ነገር። በእጀታው ቦታ ሞተር አስገቡ፣ እንዲህ ያለውን ሦስት ወይም ስድስት ከአንድ ወንበር ሥር አቁሙ፣ ኮምፒውተር ይዘዛቸው። ወንበሩ እንደ አውሮፕላን ያዘነብላል፣ ያጎነብሳል፣ ቀና ይላል።

ሲሙሌተር ሲባል ብዙዎቻችን ቦሌ የአየር መንገዳችን አካዳሚ ውስጥ ያለው ውድ ዕቃ ነው የሚታየን። ከውጭ የሚገዛ እንጂ በእጅ የሚሠራ አይመስለንም። የነገሩ አጀማመር ግን ሌላ ነው።

ኤድዊን ሊንክ የሚባል አሜሪካዊ ነበር። የአባቱ ፋብሪካ ቢንግሃምተን፣ ኒው ዮርክ ውስጥ ኦርጋንና ራሱን በራሱ የሚጫወት ፒያኖ ይሠራ ነበር። ልጁ በረራ መማር ቢያምረውም ትምህርቱ ውድ ሆነበት። ስለዚህ ከኦርጋኑ ወናፍ ወስዶ፣ ከትንሽ የእንጨት አውሮፕላን ሥር ገጥሞ፣ በአየር እየነፋና እየሳበ አወዛወዘው። ይህ በ1920ዎቹ መጨረሻ ነው (ዘመኑን ሁሉ በፈረንጅ እቆጥራለሁ)። መጀመሪያ የመዝናኛ ቦታ መጫወቻ አደረጉት። በ1934 የአሜሪካ ጦር ፖስታ እንዲያመላልስ ታዝዞ አብራሪዎቹ በመጥፎ አየር ሲያልቁ ግን ስድስቱን ገዛ።

ዛሬ ትልልቆቹ ሲሙሌተሮች የሚቆሙባቸው ስድስት እግሮችም ቢሆኑ መጀመሪያ ለአብራሪ አልታሰቡም። ጎፍ የሚባል የደንሎፕ መሐንዲስ እንግሊዝ ውስጥ በ1950ዎቹ የመኪና ጎማ ለመፈተን ነው የሠራቸው። ስቲዋርት ለበረራ ማሠልጠኛ የሚሆን ተመሳሳይ ሐሳብ ያሳተመው በ1965 ነው።

ሊንክን ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ወናፍ እኛ ቤትም አለ፤ የብረት ቀጥቃጩ እሳት ማናፈሻ ነው። ልዩነቱ ወናፉን የያዘው ሰው የነበረው ክብር ላይ ነው። እኛ ዘንድ ቀጥቃጩ ማረሻችንን እየሠራ «ቡዳ» ይባል ነበር፤ ሰው አብሮት ለመብላትና ለመጋባት ይሸሸው ነበር። ምኒልክ በ1908 ብረት ሠሪውን፣ ሸማኔውንና ፋቂውን መሳደብ በአዋጅ እስከ መከልከል ደርሰዋል። አዋጅ ደግሞ የሰውን አፍ ቶሎ አይዘጋም።

ጣና ላይ ሙከራው ከዚያ በፊት ተጀምሮ ነበር። በቴዎድሮስ እጅ ታስሮ የነበረው ሐኪም ሄንሪ ብላንክ እንደጻፈው፣ ንጉሡ በ1866 እንፋሎት መርከብ የሚመስሉ ትልልቅ የደንገል ጀልባዎች ሠርተዋል። በጎንና በጎናቸው መንኮራኩር ነበራቸው፣ የሚያዞረውም ሰው ነው። እንደ ቂልነት የሚያወሩት አሉ። እኔ አይመስለኝም። ዙርን ወደ ጉዞ የመለወጡ ሐሳብ ትክክል ነበር፤ የጎደለው ሞተሩ ነው። ችግሩ የመጣው ሥራውን ተቀብሎ የሚያሻሽል ትምህርት ቤት ባለመኖሩ ነው።

ትምህርት ቤቱ ወደ መቶ ዓመት ዘግይቶ፣ በ1963፣ በሶቪየት እርዳታ እዚያው ሐይቅ ዳር ተከፈተ፦ ባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ። የብረታ ብረት ሥራ ከሚያስተምራቸው ሙያዎች አንዱ ነበር። ቶርኖ የምንለውን ሌዝ ማሽን ጠጋ ብላችሁ እዩት። መቁረጫውን የሚነዳው ረጅም ብሎን ነው፤ ማለትም ብሎን የሚቆርጠው ማሽን ራሱ በብሎን ነው የሚሄደው። በሌላ አነጋገር የሲሙሌተሩ እግር ሥራ ባሕር ዳር ከገባ ስድሳ ዓመት አልፎታል።

በቤቱ ልሞክር ለሚል ወጣት ስሌቱ ቀላል ነው። ብሎኑ በአንድ ዙር ዳዶውን 5 ሚሊ ሜትር ከገፋና ሞተሩ በደቂቃ 1500 ዙር ከዞረ፣ እግሩ በሰከንድ 125 ሚሊ ሜትር ይሄዳል። ለቤት ሲሙሌተር ደህና ፍጥነት ነው። ዳዶው ራሱ አብሮ እንዳይዞር ግን መያዝ አለበት፤ ከዞረ እግሩ አይወጣም። ጫፍና ጫፉ ላይም ሞተሩን የሚያቆም ማብሪያ ማጥፊያ ያስፈልጋል።

ዋናው ጥያቄ የብሎኑ ዓይነት ነው። በውስጡ ኳሶች የሚንከባለሉበት ብሎን ፈጣንና ልስልስ ነው፤ መብራት ሲጠፋ ግን ወንበሩ ከነሰውዬው ቁልቁል ሊወርድ ይችላል። መብራት ደግሞ ይጠፋል። ጥርሱ ደቀቅ ያለ ተራ ብሎን ቀርፋፋ ነው፣ ይሞቃልም፤ ነገር ግን እንደ ክሪኩ ባለበት ይቆማል። ባለ ኳሱን ከውጭ ማስመጣት ግድ ይላል። ተራውን ግን አንድ ጎበዝ ማሽኒስት ቶርኖ ላይ ይቆርጠዋል፤ ዳዶውን ከነሐስ ያድርገው፣ ከብረቱ ጋር ሲፋተግ እንዳይነክስ።