ጂኦሜትሪ በእጅ፦ ከአቡል ወፋ አል-ቡዝጃኒ እስከ የካ ልጆች



የካ ላይ ለሶላት ስንቆም ፊታችን ወደ እንጦጦ ተራሮች ነው። ቂብላችን ከትክክለኛው ሰሜን ወደ ምሥራቅ የሚያዘነብለው 5 ዲግሪ ገደማ ብቻ ነው። ታናናሾቻችን በቀን አምስት ጊዜ የሚዞሩበትን ይህን ማዕዘን ደብተር ላይ ሲያዩት ግን ይከብዳቸዋል። በቃል እንጂ በእጅ አልተማሩትማ!

ቀደምቶቻችን ይህን ችግር ያውቁታል። በ940 እ.ኤ.አ. ኹራሳን ውስጥ የተወለዱትና ባግዳድ ያስተማሩት አቡል ወፋ አል-ቡዝጃኒ ለእጅ ባለሙያዎች የሚያስፈልገውን ጂኦሜትሪ በመጽሐፍ ጽፈዋል። እዚያ ላይ የጂኦሜትሪ ምሁራንና የእጅ ባለሙያዎች የተወያዩበትን አንድ መጅሊስ ይተርካሉ። ጥያቄው ሦስት እኩል ካሬዎችን ቆራርጦ አንድ ካሬ መሥራት ነበር። የባለሙያዎቹ ሥራ ለዓይን ትክክል ይመስላል፤ ሲመረመር ግን ስህተት ነው። ምሁራኑ ደግሞ ማስረጃውን ቢያውቁም አቆራረጡን አያውቁም።

አቡል ወፋ ሁለቱን አገናኙ። ሁለቱን ካሬዎች ከጥግ እስከ ጥግ ለሁለት ለሁለት ከፈሉ፤ የወጡትን አራት ጎነ ሦስቶች በሦስተኛው ካሬ ዙሪያ ደረደሩ፤ ጫፎቹን በመስመር አገናኝተው፣ ከመስመሩ የተረፈውን ቆርጠው የጎደለውን ሞሉበት። ለምን እንደሚገጥምም አስረዱ።

ይህ ለዛሬም ይሠራል። በአገራችን በ1997 ዓ.ም የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በሳተላይት፣ በፕላዝማ ቴሌቪዥን መሰጠት ሲጀምር ስክሪኑ ያልገባውን ተማሪ ቆሞ አይጠብቅም ነበር። ዛሬ ስልክ ላይ የሚጫነው ነፃው ጂኦጂብራ ከዚያ ይሻላል፤ ልጁ ነጥቡን በጣቱ ሲጎትት ቅርጹ አብሮ ይለወጣል። ቢሆንም መጀመሪያ ወረቀትና መቀስ ይቅደም፤ እጁ የሠራውን ነው ስክሪኑ ላይ የሚያውቀው።

አንድ ሙከራ እንጠቁም። ግንቦት 20 ከቀኑ 6:18 ገደማ ፀሐይ ከካዕባ አናት በላይ ትሆናለች። በዚያ ሰዓት የ1 ሜትር ዘንግ ሜዳ ላይ ቀጥ አድርገን ብንተክል ጥላው 22 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ከጥላው ተቃራኒ ያለው አቅጣጫ ቂብላ ነው። ልጆቹ ራሳቸው ያስምሩት፣ ይለኩት፤ ከዚያ ከስልኩ ኮምፓስ ጋር ያስተያዩት።

እዚሁ የካ፣ ኮተቤ የትምህርት ዩኒቨርሲቲ ለመምህርነት የምትሠለጥኑ ወንድሞችና እህቶች፣ በየመድረሳው የምታስጠኑም፣ ይህ አማና የእናንተ ነው። መቀስና ወረቀት ከሁላችንም ቤት አይጠፋም።

አላህ ጠቃሚ ዕውቀት ይወፍቀን። ኣሚን።