ማዳም የሚለው ቃል ከየት መጣ?

እህቶቼ፣ በቀን ስንት ጊዜ «ማዳም» እንላለን? «እሺ ማዳም»፣ «መጣሁ ማዳም»። ብዙዎቻችን አረብኛው እስኪገባን ድረስ መጀመሪያ የያዝናት ቃል እሷ ናት። ቃሏ ግን አረብኛ አይደለችም። እንግሊዞችም ቢሆኑ ከፈረንሳይኛ ነው የወሰዷት፣ የፈረንሳይኛውም ሥር ላቲን ነው።

የጥንት ሮማውያን ቤትን «ዶሙስ» ይሉ ነበር። የቤቱ ጌታ «ዶሚኑስ»፣ እመቤቲቱ ደግሞ «ዶሚና»። ባሪያዎች አሳዳሪዎቻቸውን የሚጠሩት በዚህ ነበር። በሉቃስ ወንጌል የምናውቀው አውግስጦስ ቄሣር እንኳ ሰው «ዶሚኑስ» ሲለው አይወድም ነበር ይባላል፤ ባሪያ ለጌታው የሚለው ነዋ! ፈረንሳዮች «ዶሚና»ን አሳጥረው «ዳም» አሏት። «ማ» ማለት «የእኔ» ነው። ስለዚህ ማዳም ማለት «እመቤቴ» ማለት ነው።

የእኛም ቃል እኮ ከቤት ነው የወጣው፤ እም በግዕዝ እናት ናት፣ እመቤት የቤት እናት። ድንግል ማርያምን «እመቤታችን» እንደምንላት ጣሊያኖች «ማዶና»፣ ፈረንሳዮች «ኖትር ዳም» ይሏታል። ሁለቱም ከዚያችው ከዶሚና የመጡ ናቸው። ሁለተኛው የዮሐንስ መልእክት የተጻፈላት እመቤትም በላቲኑ መጽሐፍ ቅዱስ «ዶሚና» ነው የተባለችው።

በ1066 ኖርማኖች ከፈረንሳይ ተሻግረው እንግሊዝን ሲይዙ ቋንቋቸውም አብሮ ገባ። ማዳም ያኔ የትልልቅ ሴቶች መጠሪያ ነበረች። በ14ኛው ክፍለ ዘመን ገጣሚው ቾሰር የሸማኔና የአናጢ ሚስቶች «ማዳም» መባልን እንደሚወዱ ጽፎ ቀልዶባቸዋል። በህንድ ደግሞ የቤት ሠራተኞች የእንግሊዙን ሚስት «ሜምሳሂብ» ይሏት ነበር፤ «ሜም» ከማዳም፣ «ሳሂብ» ከአረብኛ።

እኔን የገረመኝ ግን ሌላ ነው። ኮንትራታችን ላይ «ዶሜስቲክ ወርከር» ይላል አይደል? «ዶሜስቲክ»ም ከዶሙስ ነው። የማዳም ስምና የእኛ ስም ከአንድ ቤት ወጡ ማለት ነው! የዓለም የሥራ ድርጅት በ2011 ባወጣው 189ኛ ስምምነት ላይ የተጻፈው ስማችንም ይሄው ነው። በሳምንት ቢያንስ 24 ሰዓት ተከታታይ ዕረፍት እንዲሰጠን፣ ፓስፖርታችንም በእጃችን እንዲሆን ይላል። የሚያስገድደው ግን ያጸደቁትን አገሮች ብቻ ነው።

ዛሬ በእንግሊዝኛ ማዳም የምትባለው ባለቤት ብቻ አይደለችም። ሱቅ የገባች፣ ባንክ የተሰለፈች ሴት ሁሉ ማዳም ናት። ብር ልትልኩ ሄዳችሁ በመስኮቱ በኩል ያለው ልጅ «የስ፣ ማዳም» ሲል ዞር ብላችሁ ሌላ ሰው አትፈልጉ፤ እናንተን ነው።