ቀይ ቀለም፦ ከቀንድ እስከ ብልቃጥ

ስለ ብራና መጻሕፍት የሚጻፉ ገለጻዎች ቀይ ቀለምን ብዙውን ጊዜ በአንድ ዓረፍተ ነገር ያልፉታል። ቅዱሳት ስሞችና የክፍል መግቢያዎች በቀይ መጻፋቸው ይጠቀስና ወደ ሐረጉ፣ ወደ ሥዕሉና ወደ ድጉሱ ይታለፋል። ይህ አጭር ጽሑፍ በዚያች ዓረፍተ ነገር ላይ ጥቂት ለመቆየት ይሞክራል። ጥያቄው የተነሣው ግን ከቤተ መጻሕፍት ሳይሆን ከጽሕፈት ጠረጴዛ ነው። አንድ ወዳጄ ከውጭ አገር ሲመለስ አንድ ብልቃጥ ቀይ የፋውንቴን ፔን ቀለም አመጣልኝ። እኔም ለዘወትር ጽሕፈት ይሆን እንደሆነ ለማየት አንድ መንፈቀ ዓመት ሙሉ የትምህርት ማስታወሻዬንም ደብዳቤዬንም በእሱ ብቻ ጻፍሁ።

ቀለሙ በአወራረዱ አይታማም። ከብዕሩ እኩል ይወርዳል፣ ጫፉ ላይ ቶሎ አይደርቅም፣ በደብተር ወረቀት ላይም ብዙ አይሰርግም። ቀን ደማቅ ነው፤ ማታ በአምፖል ብርሃን ሙሉ ገጽ ሲያነቡበት ግን ዓይን ያደክማል። ከዚህ ይልቅ ያስቸገረኝ ሌሎች ሰዎች የሚያነቡበት መንገድ ነው። ለአንድ የሥራ ባልደረባዬ ስለ ስብሰባ ሰዓት ሁለት መስመር ጽፌ በቢሮው በር ሥር ባስገባለት፣ ከሰዓት በኋላ መጥቶ «ምን አጠፋሁ?» አለኝ። ወረቀቱን የተቀበለው እንደ ታረመ ፈተና ነበር።

በአገራችን የጽሕፈት ትውፊት ቀይ ቀለም የእርማት ቀለም አልነበረም። ቁም ጸሐፊው ለሥራ ሲቀመጥ ሁለት የቀለም ቀንዶች ከፊቱ መሬት ላይ ይተክላል፤ አንዱ የጥቁር፣ ሁለተኛው የቀይ። ከመቃ የተቀረጹት ብዕሮችም ለየቀለሙ የተለዩ ናቸው። (ሊቁን «የቀለም ቀንድ» ብለን ስናወድስ የትኛውን ቀንድ ማለታችን እንደሆነ ግን ጠይቀን አናውቅም። ከሥራው ብዛት ጥቁሩ ይመስለኛል።) ቀዩ የሚነካው ለታወቀ ጉዳይ ነው፤ ለመጽሐፉ የመጀመሪያ መስመሮች፣ ለአምላክ፣ ለማርያምና ለቅዱሳን ስሞች፣ ከአኃዝ በላይና በታች ለሚሰመሩት ጭረቶች፣ ክፍል ሲያልቅ ከጥቁሮቹ ጋር ለሚፈራረቁት ነጥቦች። እንደ ተአምረ ማርያም ባሉ መጻሕፍት ያጻፈው ሰው ስም በቡራኬው መካከል ይገባል፤ እሱም ብዙ ጊዜ በቀይ ነው። መጽሐፉ ባለቤት ሲለውጥ የቀድሞው ስም ይፋቅና የአዲሱ ይተካበታል። ስለዚህ ከገጹ ሁሉ የተከበረው ቃል ከገጹ ሁሉ ይበልጥ የሚነካው ቃልም ሆኖ ይገኛል። የብራና ባለቤትነት ታሪክ የሚያጠና ሰው መጀመሪያ የሚያየው እነዚህን የተፋቁ ቦታዎች ነው።

ጸሐፊው ጥቁሩን አስቀድሞ ጽፎ ለቀዩ ቦታ እየተወ የሚያልፍበት ጊዜ አለ። በኋላ ብዕር ለውጦ ይመለስበታል። ሳይመለስባቸው የቀሩ መጻሕፍትም ስላሉ አንባቢው በዓረፍተ ነገሩ መካከል ባዶ ቦታ ያጋጥመዋል፤ ስሙን ከራሱ ሞልቶ ያነባል። ቀይ ቀለም ሥራውን የሚሠራው ጥቁር አጠገቡ ሲኖር ነው። ሙሉ ገጽ በቀይ ከተጻፈ ግን ቀዩ ምንም አይለይም። የእኔም ደብተር ያሳየኝ ይህንኑ ነው፤ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ዋና ዋናውን ነጥብ ለማስመር ጥቁር እስክሪብቶ መፈለግ ጀመርሁ።

በሁለት ቀለም መጻፍ የእኛ ብቻ አይደለም። የጥንት ግብጻውያን ጸሐፍት ሰሌዳ ለጥቁርና ለቀይ የሚሆኑ ሁለት ጎድጓዶች ነበሩት፤ አርእስትን በቀይ ይጽፉ ነበር፤ ነገር ግን የክፉ ኃይላትን ስምም በቀይ መጻፋቸው ከእኛ ልማድ ይለያቸዋል። በቢዛንታይን ደግሞ ንጉሠ ነገሥት ሊዮ ቀዳማዊ በ470 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሕግ ነገሥታቱ የሚፈርሙበትን ቀይ ቀለም ሌላ ሰው እንዳይይዘው ከለከለ። የእኛው ልማድም ከብራና ወደ ኅትመት ሲሻገር አልጠፋም። ዮሐንስ ፖትከን በ1513 እ.ኤ.አ. ሮም ላይ ያሳተመው የግእዝ መዝሙረ ዳዊት በጥቁርና በቀይ የታተመ ነው፤ በአገር ውስጥ የሚታተሙ የጸሎት መጻሕፍትም እስከ ዛሬ ይህንኑ ይከተላሉ።

የተለወጠው ሌላ ነገር ነው፤ የቀዩ ቀለም ባሕርይ። ጥቁሩ ቀለም ከጥቀርሻ፣ ከተቆላና ከተፈጨ እህል፣ ከሙጫም ተዋሕዶ ለወራት እየታሸ የሚዘጋጅ ነው። ቀዩ ከዕፅዋትና ከአፈር እንደሚወጣ ይነገራል፤ በመሣሪያ በተመረመሩ በርካታ ብራናዎች ላይ ግን የተገኘው ሲናባር ነው። ሲናባር የሜርኩሪና የድኝ ውሕድ ሲሆን፣ ደቆ ከሙጫ ጋር ሲለወስ ብራናው ላይ እንደ ስስ ቅብ ይቀመጣል። ብርሃን ሲበዛበት ሊጠቁር ይችላል፤ ራሱ ግን በውሃ አይሟሟም። ዕድሜው በመቶ ዓመታት በሚቆጠር ብራና ላይ ቀዩ ስም እንደ ትናንት ጽሑፍ ደምቆ የሚታየው በዚህ ምክንያት ነው።

ፋውንቴን ፔን ይህን ቀለም ሊሸከም አልቻለም። ሉዊስ ዋተርማን በ1884 እ.ኤ.አ. የፈጠራ መብት ያገኘበት ብዕር ቀለሙን የሚያወርደው በቀጫጭን ቦዮች ነው፤ የተፈጨ ማዕድን ቢጨመርበት ዱቄቱ ይዘቅጥና ቦዩን ይደፍነዋል። ስለዚህ ለዚህ ብዕር የሚሠሩት ቀለሞች በአብዛኛው በውሃ የሚሟሙ ማቅለሚያዎች ሆኑ። ከቀዮቹ መካከል ብዙ ያገለገለው ኤዎሲን ነው፤ ጀርመናዊው ኬሚስት ሃይንሪኽ ካሮ በ1870ዎቹ እ.ኤ.አ. ያስገኘው ይህ ማቅለሚያ እጅግ ደማቅ ነው፤ ብርሃን ግን አይችልም። ቫን ጎኽ በ1890 እ.ኤ.አ. የሣላቸው ሮዝ የነበሩ ጽጌረዳዎች ዛሬ ነጭ ሆነው የሚታዩት በዚሁ ምክንያት ነው። ከሱቅ የሚገዛ ቀይ ቀለም በ20ኛው ምዕተ ዓመት ወደ ብራና ጸሐፍትም ደርሷል። እንዲህ ባለው መጽሐፍ የተለመደው ሥርዓት ይገለበጣል፤ ተራው ቃል በጥቀርሻ ቀለም ጸንቶ ሲቆይ፣ ሊከበር የተፈለገው ስም ቀድሞ ይደበዝዛል።

የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎቻችን ይህን ጉዳይ በሌላ መልክ ያውቁታል። ከ1973 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተነሣው የኢትዮጵያ ብራና መጻሕፍት ማይክሮፊልም ጥቁርና ነጭ ነው። በፊልሙ ላይ ቀዩ ቃል የሣሣ ግራጫ ሆኖ ይታያል፤ አንዳንዴ ከተፋቀ ቃል መለየት ያስቸግራል። ከፊልም ብቻ ገልብጦ የተሰናዳ ጽሑፍ የትኛው ቃል ቀይ እንደነበረ ሳይናገር ሲቀር፣ የጸሐፊውን አንድ ውሳኔ ሁሉ ጥሎ ማለፉ ነው። ለኅትመት የሚዘጋጅ የግእዝ ጽሑፍ ቀዩን ቢያንስ በግርጌ ሊያመለክት ይገባል ብዬ አምናለሁ፤ ዋናውን ብራና ሳያዩ ስለ ስሞች አጻጻፍ ድምዳሜ መስጠትም አይገባም።

ወደ ብልቃጡ ልመለስ። ከደብተሬ አንድ ቅጠል ቀድጄ ግማሹን በመጽሐፍ ሸፍኜ መስኮት ላይ ተውሁት። ከሁለት ወር በኋላ ያልተሸፈነው ክፍል ወደ ፈዛዛ ሮዝ ተለውጦ አገኘሁት፤ በጣቴ ያንጠባጠብሁበት ውሃም አንዱን መስመር ፈጽሞ አጥቦታል። ስለዚህ ቀለሙ ሳምንት ቆይቶ ለተማሪ ለሚመለስ የፈተና ወረቀት መልካም ነው፤ ለደብተር፣ ለደብዳቤና ለረቂቅ ግን አላምነውም። በተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፍ ኅዳግ ላይ አስተያየት የምጽፈው ዛሬ በእርሳስ ነው።

በዚህ ላይ የጸናሁት ስለ መስኮቱ ሙከራ ብቻ አይደለም። የሁለተኛ ዲግሪ ማሟያ ጽሑፌን ያረሙልኝ መምህሬ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ሁልጊዜ በቀይ ፋውንቴን ፔን ነበር የሚጽፉት። ረቂቁን በካርቶን አድርጌ አኑሬው ሳለ አንድ ክረምት ጣሪያው አፍስሶ ረጠበ። በታይፕ የተመታው የእኔ ጽሑፍ አንድ ፊደል እንኳ አልጎደለበትም፤ የእሳቸው ኅዳግ ግን የሮዝ ነጠብጣብ ብቻ ሆነ። ገጾቹን አንድ በአንድ ወደ መስኮት አዘንብዬ በጎን ብርሃን ተመለከትኋቸው። ከሠላሳ በላይ ከሚሆኑት አስተያየቶች በእርግጠኝነት ያነበብሁት ሰባቱን ነው፤ እነሱንም ቢሆን በቀለማቸው ሳይሆን ብዕሩን ጫን አድርገው ስለጻፉ በወረቀቱ ላይ በቀረው ጭረት ነው። አንደኛው «ይህን ከየት አገኘኸው?» ይላል።